እቴጌ ምንትዋብ እና የቁስቋም ግቢ

በጎንደር ከተማ፣ ከፋሲል ግቢ በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ተራራ ላይ፣ በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጣሪያ የሌለው ቤተ መንግሥት ቆሟል። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

እቴጌዪቱ የቋራ ሰው ነበሩ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩና፣ እናት ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር መንግሥቱን ያዙ። ሁለት ዓመት ያህል እንዳለፈ ዓመፀኞች ሌላ ንጉሥ አንግሠው ጎንደርን ከበቡ፤ እናትና ልጅ ግን ከግቢው ሳይወጡ ያን ክፉ ቀን አሳለፉት።

ዙፋናቸው ከጸና በኋላ እቴጌዪቱ ፊታቸውን ወደ ግንባታ መለሱ። በጣና ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። ከሁሉ የወደዱት ግን ቁስቋምን ነበር። ቤተ ክርስቲያኑንና ቤተ መንግሥቱን በአንድ ቅጥር ውስጥ አደረጉ፤ የግንቡንም ገጽ በቀይ ድንጋይ በተቀረጹ መስቀሎች አስጌጡ። ስሙ የተወሰደው እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ከግብፁ ቁስቋም ነው። ስፍራው ኋላ ለእርሳቸውም የሐዘን መጠጊያ ሆነ።

ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. አረፉ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በሕፃንነት ሲነግሡ እቴጌዪቱ ሞግዚትነቱን አልለቀቁም። የንጉሡ እናት ወይዘሮ ውቢት ግን ይህ መብት የእኔ ነው አሉ። ምራቲቱን ከወሎ ባላባት ቤት መርጠው ለልጃቸው ያጋቡ ራሳቸው ምንትዋብ ነበሩ፤ ወዳጅነት ያመጣል የተባለው ጋብቻ ቤተ መንግሥቱን ለሁለት ከፈለው። የእቴጌዪቱ ወንድም ራስ ወልደ ልዑል በሕይወት ሳሉ ሁለቱን ወገን አቻችለው ይዘው ነበር። እርሳቸው ሲሞቱ የሚገላግል ጠፋ። ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑልም ጠቡን ሊያበርዱ መጥተው ሥልጣኑን ለራሳቸው አደረጉት፤ በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን አስገደሉ። የእቴጌዪቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴር የእኒሁ የራስ ሚካኤል ሚስት ነበሩ። የልጅ ልጃቸውን ያስገደለው ሰው አማቻቸው ነበር ማለት ነው።

እቴጌ ምንትዋብ ከዚህ በኋላ በቁስቋም ተወሰኑ። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በዚያው ግቢ ማረፊያ ተሰጥቶት፣ በፈንጣጣ የታመሙ የቤተሰቡን ሕፃናት አክሟል። እቴጌዪቱ በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ።

በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም አልተረፈም። ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ታንጿል፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ፍርስራሽ ሆኖ ቀርቷል። የእቴጌዪቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አጽም እስከ ዛሬ በዚያው ደብር በአንድነት ይገኛል።