የምድርን ትንፋሽ ሲያሳድድ የኖረው ሰው፦ ሃሩን ታዚየፍ

ከብርብር ተነስታችሁ ወደ አርባ ምንጭ ስትሄዱ አባያ በግራ በኩል ቀላ ብሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ስለ ዓሣውና ስለ አዞው ሁላችንም እናወራለን። ከስሩ ስላለው መሬት ግን ብዙ አናስብም። ሐይቁ ያለው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በሰሜን ምዕራብ በኩል ፍል ውሃ ይፈልቃል፣ ከመሬት ስንጥቅ እንፋሎት ይወጣል። ያ እንፋሎት ምን ይዞ ነው የሚወጣው? ከታች ስላለው ነገርስ ምን ይነግረናል?

ዛሬ ታሪኩን የምናጫውታችሁ ሰው ይህን መሰል ጥያቄ ይዞ ዕድሜውን የጨረሰ ነው። ሃሩን ታዚየፍ ይባላል። እዚሁ አገራችን፣ አፋር ድረስ መጥቶ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1914 ዋርሶ ተወለደ። ሐኪም የነበረው አባቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲሞት እሱ ገና ሕፃን ነበር። ያደገው ቤልጂየም ነው። መጀመሪያ የእርሻ ሳይንስ፣ ቀጥሎ ጂኦሎጂ ተማረ። ቦክስ ይጫወታል፣ ተራራ ይወጣል። ናዚዎች ቤልጂየምን ሲይዙም በድብቅ ከሚታገሏቸው ጋር ተሰለፈ።

ሕይወቱን የቀየረው 1948 ነው። ኮንጎ ውስጥ በጂኦሎጂ ባለሙያነት ሲሠራ አንድ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ሄዶ አየው፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። መጻሕፍት ጻፈ፣ ፊልም ሠራ፣ በፈረንሳይ ስሙን የማያውቅ ጠፋ።

ታዚየፍ ከሁሉም በላይ የሚጨነቀው ስለ ጋዙ ነበር። የተናጠ ለስላሳ ስትከፍቱ ምን ይሆናል? ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፋው ጋዙ ነው። እሳተ ገሞራም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጋዙን ያወቀ ተራራው ምን እያሰበ እንደሆነ ያውቃል ብሎ ያምን ነበር።

ችግሩ ጋዙን መያዙ ላይ ነው። አየር ሲነካው ይለወጣል፣ ርቀህ ከቀዳኸው የምትይዘው ድብልቅ ነው። ስለዚህ አፉ ድረስ መሄድ ግድ ነው። በ1960ዎቹ ከኬሚስቶቹ ኢቫን ኤልስከንስና ፍራንኮ ቶናኒ ጋር ሆኖ ጋዙን እዚያው ቦታው ላይ የመመርመሪያ ዘዴ ሞከሩ። የጋዙ ይዘት በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚቀያየርም አዩ።

በ1967 መጨረሻ ታዚየፍ ከጣሊያናዊው ጆርጆ ማሪኔሊ ጋር ቡድን አዋቅሮ አፋር ገባ። አሞሌ የሚቆረጥበት ያ ሞቃት ሜዳ አንዳንዱ ቦታ ከባህር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ቡድኑ ባህር ትቶት የሄደውን ኮራል አገኘ፤ መሬቱ እየተከፈለ አዲስ ውቅያኖስ እየተጀመረ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሰበሰበ። ኤርታ አሌ ላይ ደግሞ የሚንተከተክ የቀለጠ ድንጋይ ሐይቅ ነበር።

በ1974 ወርነር ጊገንባክና ፍራንሷ ለጌርን ከኤርታ አሌ ጋዝ ቀዱ። ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። በጊገንባክ ዘዴ፣ አየሩ የተመጠጠ ጠርሙስ ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ ይጨመራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድና የድኝ ጋዞች እዚያ ይሟሟሉ፣ የማይሟሙት ከላይ ይቀራሉ። ከዚያ ላብራቶሪ ገብቶ እያንዳንዱ ይለካል። የኤርታ አሌ ጋዝ አብዛኛው የውሃ እንፋሎት ሆኖ ተገኘ፤ ቀጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከዚያ የድኝ ጋዞች። ውጤቱ በ1976 ታተመ፣ ዛሬም ይጠቀሳል።

ያው 1976 ለታዚየፍ መራራ ነበር። በፈረንሳይ ስር ባለችው በጓዴሎፕ ደሴት ላ ሱፍሪየር የተባለው ተራራ ጭስና አመድ መትፋት ጀመረ። ታዚየፍ አይቶ፣ አዲስ የቀለጠ ድንጋይ ወደ ላይ እየመጣ አይደለም አለ። ሌሎች ሳይንቲስቶች ግን መጥቷል አሉ። ኦገስት ላይ ከ70,000 በላይ ሰው ከቤቱ እንዲወጣ ተደረገ። እርሻው፣ ትምህርቱ፣ ገበያው ለወራት ቆመ። ታዚየፍ ከባልደረቦቹ ጋር ጫፉ ላይ ወጥቶ ሳለ ተራራው ድንጋይ አዘነበባቸው። ቆስሎ ተረፈ። በመጨረሻ ተራራው በራሱ ጊዜ ዝም አለ፣ የሞተም ሰው አልነበረም። ያለው ነገር ልክ ቢሆንም ከኃላፊነቱ ተነሳ።

ታዲያ ሁሌም ልክ ነበር ማለት አይደለም። በ1986 ካሜሩን ውስጥ ከኒዮስ ሐይቅ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድ ሌሊት ከ1,700 በላይ ሰው ገደለ። ታዚየፍ ከስሩ የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው ብሎ ተከራከረ። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የተስማሙት ግን ጋዙ ለረጅም ጊዜ ሐይቁ ወለል ላይ ተጠራቅሞ ድንገት ወጣ በሚለው ነው። ታዚየፍ በ1998 በ83 ዓመቱ አረፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ ኒዮስ ውስጥ ጋዙን ቀስ እያለ የሚያስወጣ ቧንቧ ተተከለ።

አባያስ? ብላችሁ ከደነገጣችሁ፣ ተረጋጉ። ኒዮስ ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ የላዩና የታቹ ውሃ አይቀላቀልም። አባያ ግን ጥልቅ የሚባለው ቦታው 13 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋስ ሲያማስለው ይውላል። እንደ ኒዮስ ጋዝ የሚያጠራቅምበት ጥልቀት የለውም። ሆኖም እንፋሎት የሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ አትውረዱ፣ አጠገቡ ባለ ዝቅ ያለ ቦታም አትተኙ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ ቀለምና ሽታ የለውም፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል።

እንፋሎቱ ጥቅምም አለው። በጋዞቹ መካከል ያለው ምጥጥን ከታች ምን ያህል ሙቀት እንዳለ ይናገራል። ያንን ማወቅ ብዙ ብር ፈሶ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ይጠቅማል። አሉቶ ላንጋኖ ከመሬት እንፋሎት መብራት ተመርቷል። የአባያ አካባቢም በእንፋሎት ኃይል ይጠናሉ ከተባሉት ቦታዎች አንዱ ነው።

ታዚየፍ አንዴ ልክ ነበር፣ አንዴ ተሳስቷል። የተከራከረው ግን ቦታው ድረስ ሄዶ ነው። የኛንም እንፋሎት ቀርቦ የሚለካ ሰው ያስፈልገዋል። ምናልባት ያ ሰው አሁን ብርብር ወይም አርባ ምንጭ ሆኖ ይህን በስልኩ እያነበበ ይሆናል።

እናንተ አካባቢ ፍል ውሃ ወይም እንፋሎት የሚወጣበት ቦታ አለ? ሰዉ ምን ብሎ ይጠራዋል? ጻፉልን።