ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፦ በስደት አገር የብዙዎች እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን የእናታችንን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ዕረፍት ታስባለች። ብዙዎቻችን ይህችን ቅድስት የምናውቃት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ስለ ተዋሕዶ ሃይማኖት በመመስከሯ ነው። ይህ እውነት ቢሆንም የሕይወቷን እኩሌታ ብቻ ይነግረናል። በሸንጎ ፊት ከቆመችባቸው ቀናት ይልቅ የተበተነ ምእመን ስትሰበስብ፣ የተሰበሰበውን ስታስተዳድርና ስትመግብ የኖረችባቸው ዓመታት እጅግ ይበዛሉ። በዚህ ጽሑፍ ቅድስቲቱን በእናትነቷ እናስባታለን።

ልደቷና ትዳሯ

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. አካባቢ ከታላላቅ መሳፍንት ወገን ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ለአካለ መጠን ስትደርስም በዘመኑ ልማድ መልክአ ክርስቶስ ለተባለ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘንድ ከፍ ያለ ሥልጣን ለነበረው መኰንን ተዳረች። በቤቷ ሀብትም ክብርም አልጎደለም። ከዚህ ትዳር ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በጨቅላነታቸው ዐረፉ።

ገድሏ እንደሚተርከው ወለተ ጴጥሮስ በፀነሰች ጊዜ የምትጸልየው ጸሎት ከእናት አፍ ሲወጣ የሚከብድ ነበር። የሚወለደው ልጅ እግዚአብሔርን ደስ የሚያሰኝ ከሆነ በሕይወት እንዲኖር፣ ካልሆነ ግን ፈጥኖ እንዲወሰድ ትለምን ነበር። ይህን ስናነብ ልባችን ሊደነግጥ ይችላል። ነገር ግን ይህ ጸሎት ልጅን ከመጥላት የመጣ አልነበረም፤ ልጅ ለወላጅ ክብር ሳይሆን ለፈጣሪው የሚሰጥ መሆኑን ከማመን የመጣ ነው። ሦስት ልጆቿን በተከታታይ የቀበረችው እናት ኀዘኗን በምሬት አልቋጨችውም፤ የቀረውን ዘመኗን ለእግዚአብሔር ለመስጠት ወሰነች።

ከቤቷ መውጣቷ

በመጀመሪያ በመነኰሳት እርዳታ ከቤቷ ወጥታ ወደ ጣና አካባቢ ሄደች። ባሏ ግን ሠራዊት አስከትሎ ፈለጋት፤ የተሸሸገችበትንም አካባቢ አጠፋ። ወለተ ጴጥሮስ በእርሷ ምክንያት የድኾች ቤት ሲፈርስና ደም ሲፈስ ማየት ስላልቻለች የራሷን ፈቃድ ትታ ወደ ባሏ ተመለሰች። ይህን ልብ ልንለው ይገባል። ምንኵስናን ያህል ታላቅ ነገር የወደደች ሴት፣ ባልንጀራዋ በእርሷ ምክንያት እንዳይጎዳ ስትል የምትወደውን አቆየች። የእናትነቷ የመጀመሪያ ምልክት ይህ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ የተለየችው በሃይማኖት ምክንያት ነው። በዘመኑ ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት አዘንብሎ ስለነበር በአገሪቱ ውስጥ ሁከት ተነሥቶ ነበር። በ1609 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ስምዖን በጦርነት መካከል ተገደሉ። ባሏ በዚህ ግድያ እጁ እንዳለበት በተረዳች ጊዜ ከእርሱ ጋር መኖርን እንቢ አለች። የአባቷን ደም ካፈሰሰ ሰው ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ ለእርሷ ሃይማኖትን እንደ መካድ ነበር። በ25 ዓመት ዕድሜዋ ገደማም ራሷን ተላጭታ መነኰሰች። የእርሷ መለየት ትዳርን አቅልሎ ለመተው ምሳሌ የሚሆን አይደለም፤ በደም በተነከረ ጊዜ የተወሰደ የምስክርነት ውሳኔ ነው።

ምስክርነቷና ግዞቷ

በምንኵስና ሕይወቷ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ተገናኘች። እኅተ ክርስቶስም እንደ እርሷ ትዳሯን ትታ የወጣች ነበረች፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው አልተለያዩም። የመሳፍንት ልጅ የነበረችው ወለተ ጴጥሮስ እንደ አገልጋይ ዝቅ ብላ ትሠራ ነበር። በኋላ ብዙዎችን የምታዝዘው እናት አስቀድማ መታዘዝን የተማረችው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1614 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ። በ1617 ዓ.ም. ደግሞ አልፎንሶ ሜንዴዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ፓትርያርክ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በዚያ ጊዜ ከቤተ መንግሥቱ ወገን ሳይቀር ብዙ ሴቶች የአባቶቻቸውን ሃይማኖት አንለቅም ብለው ጸንተው ነበር። ወለተ ጴጥሮስም በዋልድባና በጸገዴ እየተዘዋወረች ምእመናን በሃይማኖታቸው እንዲጸኑ ታስተምር ነበርና ተይዛ ለፍርድ ቀረበች። ንጉሡ ሊገድላት ቢያስብም የቀድሞ ባሏ ምክር ከሞት አተረፋት፤ ለሜንዴዝም ተሰጠች። እርሱም በየቅዳሜው እየጠራ በክርክር ሊያሳምናት ቢሞክር አልሆነለትም። በመጨረሻ ወደ ምዕራቡ ቆላ፣ በዛሬዋ ሱዳን አቅጣጫ ወዳለው ዠበይ ወደተባለ አገር በግዞት ተላከች።

ዠበይ ሙቀቱ የሚያቃጥል፣ ለደጋ ሰው የማይስማማ፣ ዘመድም ቤተ ክርስቲያንም የሌለበት ስፍራ ነበር። የላኳት ሰዎች ሐሳብ ድምፅዋ በዚያ በረሃ እንዲጠፋ ነበር። እግዚአብሔር ግን ነገሩን ለወጠው። ሦስት ዓመት በቆየችበት በዚያ ቆላ ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ወንዶችና ሴቶች ወደ እርሷ መምጣት ጀመሩ። ጌታችን ተገልጦ ብዙ ነፍሳት በእርሷ ዘንድ እንደሚሰበሰቡ እንደነገራት፣ እርሷም ለራሷ ነፍስ እንኳ የማትበቃ መሆኗን ተናግራ ሸክሙን እንደፈራች በገድሏ ተጽፏል። ሰባት ከሚሆኑት ማኅበሮቿ የመጀመሪያው የተመሠረተው በደብረ ሊባኖስ ወይም በጣና ደሴቶች ሳይሆን በዚሁ በግዞት ስፍራዋ ነበር።

የማኅበራት እናት

ከግዞት ከተመለሰች በኋላ በጫንቋ፣ በአፈር ፈረስና በሌሎችም ስፍራዎች ማኅበራትን አቋቋመች። ከኋላዋ የሚከተላት ሕዝብ ሲበዛ፣ አሳዳጅ ሲመጣ ወይም በሽታ ሲገባ ማኅበሩን ይዛ ከስፍራ ወደ ስፍራ ትዛወር ነበር። ክህነት የሌላት ሴት ስለሆነች ምሥጢራትን የሚፈጽሙ ካህናትና መነኰሳት ከእርሷ ጋር ነበሩ፤ የማኅበሩን ሥርዓት፣ ምግብና ሥራ ግን የምትመራው እርሷ ነበረች። ሰው የብቻዬ የሚለው ሀብት እንዳይኖረው፣ ባለጠጋው ከድኻው ጋር አንድ ማዕድ እንዲበላ አደረገች። የታመመውን ታስታምማለች፤ ያጠፋውን ትገሥጻለች። ሦስት ልጆቿን በሞት ያጣች እናት እንዲህ የብዙ መቶዎች እናት ሆነች።

በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ በቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲኖር ዐዋጅ አወጀ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቀ። ስደቱ ሲያልፍ ወለተ ጴጥሮስ ሥራዬን ፈጽሜአለሁ ብላ አላረፈችም። በስደት የተሰበሰቡት በሰላም ዘመን እንዳይበተኑ ሌላ አሥር ዓመት ደከመች። ለሦስት ወራት ያህል ታምማ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመት ዕድሜዋ፣ በመነኰሰች በ26ኛው ዓመት ዐረፈች፤ በጣና ሐይቅ ውስጥ ባለው በሬማ ገዳምም ተቀበረች።

ማኅበሯን እኅተ ክርስቶስ ተቀብላ እስክታርፍ ድረስ መራችው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በጣና ዳርቻ በቆራጣ በስሟ ገዳም ተመሠረተ። ቆራጣ ከንጉሥ ቍጣ የሸሸ ሰው የሚጠለልባት የመማፀኛ ስፍራ ሆነች፤ በኋላም ታዋቂ የንግድ ከተማ ሆና አደገች። በስደት የኖረች እናት ስም ለስደተኞች መጠጊያ መሆኑ ምንኛ የሚገባ ነው! ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላም ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ ከሚያውቋት ሰዎች ሰምቶ ገድሏን በግእዝ ጻፈ።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

የተወደዳችሁ ምእመናን! ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደምትተከል ስናስብ ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው የሕንፃ ሥራ፣ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ገንዘብ ነው። ይህም ያስፈልጋል። ነገር ግን በዠበይ ሕንፃ ከመኖሩ በፊት አንዲት እናት ነበረች፤ ሰዎችም የተሰበሰቡት ወደ እርሷ ነው።

ዛሬም እንደ ማታር ባሉ የጋምቤላ የጠረፍ ከተሞች ለሚኖሩ ክርስቲያኖች ይህ ሕይወት ቅርብ ነው። ከደጋው ለሥራ ወርዶ በሙቀት፣ በወባና በብቸኝነት የሚፈተን ወጣት አለ፤ በዚያው ምድር ተወልዶ በራሱ ቋንቋ ወንጌልን ሊሰማ የሚጠብቅ ወንድም አለ፤ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ስደተኛም አለ። እነዚህን ሁሉ የምትሰበስብ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሞ እናት ትፈልጋለች። ወደ ሩቅ ቆላ መመደብን እንደ ቅጣት የሚቆጥር አገልጋይም የቅድስቲቱን ሕይወት ያስብ፤ እርሷ በእውነት ለቅጣት ተልካ ነበር፤ የቅጣቱን ስፍራ ግን የማኅበር መጀመሪያ አደረገችው።

ኀዘን የሰበራችሁ እናቶችም በወለተ ጴጥሮስ ተጽናኑ። ልጆቿን የቀበረች እናት እናትነቷ ከልጆቿ ጋር አልተቀበረም። ለጎረቤት ወላጅ አልባ የምትዘረጋ እጅ፣ ለእንግዳ የምትከፈት በር፣ ለታማሚ የምትቀርብ ጽዋ ውኃ፣ ይህ ሁሉ በእግዚአብሔር ዘንድ እናትነት ሆኖ ይቈጠራል።

የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር