ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፤ ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ማኅሌት እስከ ቴአትር መድረክ

በኢትዮጵያ የቴአትር ታሪክ ከቀዳሚዎቹ ጸሐፌ ተውኔቶች ተርታ የሚሰለፉት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1880ዎቹ በጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ከስማቸው ቀድሞ የሚጠራው ማዕረግ ለብዙ ሰው የቤተ መንግሥት ሹመት ይመስለዋል። ቀኝ ጌታ ማለት ግን በቅኔ ማኅሌት በሁለት ወገን ተሰልፈው ከሚቆሙት መዘምራን መካከል የቀኙን ወገን የሚመራ ሊቅ ነው፤ በግራ በኩል የሚቆመው መሪ ደግሞ ግራ ጌታ ይባላል። በመሆኑም ዮፍታሔ በአዲስ አበባ የቴአትር መድረክ ላይ ከመታወቃቸው አስቀድሞ፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የሚዘምሩ ሰዎችን እርምጃ በመምራት የተመሰከረላቸው ባለሙያ ነበሩ።

ይህን ሙያ ያገኙት በአገሪቱ የቆየ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ አልፈው ነው። ደብረ ኤልያስ ከዋሸራ፣ ከጎንጅና ከዲማ ጊዮርጊስ ጋር በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ስሙ የገነነ ደብር ሲሆን፣ የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በዚሁ ደብር የተማሩ መሆናቸው ይታወቃል። በዚያ ዘመን የቆሎ ተማሪ የሚባለው ልጅ ከወላጆቹ ቤት ተለይቶ፣ ለምድ ለብሶና አኮፋዳ አንግቦ በየመንደሩ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ማታ ደግሞ በሣር ጎጆው ውስጥ የቀን ትምህርቱን ሲያሰላስል የሚያድር ነበር። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከዚያ ወደ ዜማ ቤትና ወደ ቅኔ ቤት ይሻገራል።

የቅኔ ቤቱ አሠራር ተማሪውን ደረጃ በደረጃ የሚያወጣ ነው። መጀመሪያ ሁለት ቤት ብቻ ባለው በጉባኤ ቃና ይፈተናል፤ ቀጥሎ ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ ያድጋል፤ በዋዜማና በሥላሴ በኩል አልፎ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ በጥላ ሥር ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ወደ ማታ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያቀርባል። መምህሩም ቃሉ የጎደለበትን፣ ምሥጢሩ የላላበትን፣ ሰሙና ወርቁ ያልተጣጣመበትን በጓደኞቹ ፊት ያርሙታል። ዛሬ የቀረበው ቅኔ ነገ አይደገምም። ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ነገር ይዞ በሰው ፊት እንዲቆም የሚያስገድደው ይህ ልማድ፣ ለወደፊቱ የመድረክ ሰው ሊገኝ ከሚችለው ሥልጠና ሁሉ የላቀ እንደነበር መናገር ማጋነን አይሆንም።

የአቋቋም ትምህርት ደግሞ የአካል ትምህርት ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ የሚባለውን ቁም ዜማ ያጠናል። ከዚያም ዝማሜ ይከተላል፤ በዚህ ደረጃ መቋሚያውን ከዜማው ጋር እያወዛወዘ ሰውነቱን ከቃሉ ጋር ማስማማት ይማራል። በመረግድ ጊዜ ከበሮና ጸናጽል ይገቡና እግር ወገብን፣ ወገብም ትከሻን ይከተላል። ጽፋት ሲደርስ ከበሮው እየፈጠነ፣ ጭብጨባው እየደመቀ ይሄዳል። ከባዱ ነገር ፍጥነቱ አይደለም፤ በዚያ ፍጥነት ውስጥ ሳይቻኮሉ፣ ሰልፉን ሳይለቁ፣ ከጎን ከቆመው ሰው ጋር አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው። አንድ ሰው ቢሳሳት የሰልፉ መስመር በሙሉ ይናጋል። ቀኝ ጌታ የሚባለው ሰው ይህን የሚጠብቅ ነው። በአቋቋም ታሪክ ፈጠራም ቦታ ነበረው፤ በቀልዳቸው የሚታወቁት አለቃ ገብረ ሐና ከጣና ዳር የተቀዳ ነው የሚባለውን የጎን ውዝዋዜ ወደ ማኅሌት ሲያስገቡ የጎንደር ሊቃውንት አልቀበልም ማለታቸው፣ በመጨረሻም ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር አስተምሮት የተክሌ አቋቋም ተብሎ መጽናቱ ሲነገር የኖረ ነው።

ዮፍታሔ ይህን ሁሉ ይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በከተማዋ በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ጀምሮ አዲሱ ትምህርት እየተስፋፋ ነበር፤ እርሳቸውም በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ።

ቴአትር በወቅቱ ለአገሪቱ አዲስና አጠራጣሪ ነገር ነበር። በሩሲያ ተምረው በፈረንሳይም የቆዩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላ የተባለውን የአውሬዎች ኮሜዲያ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በመኳንንቱ ፊት አሳይተው ነበር። ተውኔቱ በእንስሳት ምሳሌ የመንግሥቱን አሠራር ድክመት የሚነካ በመሆኑ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ታገደ፤ ቴአትርም ለዓመታት ተቋረጠ። ደራሲው በኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ መሆናቸውን ስናስታውስ፣ እገዳው የደረሰው በተራ ቀልደኛ ላይ እንዳልነበረ እንረዳለን።

መድረኩ እንደገና የተከፈተው በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ ወዲህ ነው። በዚህ ጊዜ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ብቅ አሉ። ዮፍታሔ ያደረጉት ነገር በአጭሩ ሲነገር፣ የቅኔ ቤቱን ሥልጠና ወደ ቴአትር ማዛወር ነው። የተማሪ ቤት ልጆችን ሰብስበው ግጥሙን በቃላቸው እንዲይዙ፣ ድምፃቸውን ከፍና ዝቅ እንዲያደርጉ፣ በሰልፍ እንዲቆሙና እንዲዘምሩ ያሠለጥኑ ነበር። የሙያ ተዋናይ የሚባል ሰው ባልነበረበት ጊዜ መድረኩን የሞሉት ተማሪዎች ናቸው፤ የሴት ገጸ ባሕርይ ሲኖርም ወንድ ልጅ ለብሶ ይጫወታል። ተውኔቶቻቸው በግጥም የተጻፉና መዝሙር የበዛባቸው ሲሆኑ፣ ነገሩን በቀጥታ ከመናገር ይልቅ በሰምና ወርቅ ያለብሱታል። ተመልካቹ ስቆ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ወርቁ ይደርሰዋል። ፋቡላ የታገደበትን ምክንያት ለሚያውቅ ሰው ይህ አጻጻፍ የውበት ብቻ ሳይሆን የብልሃትም ጉዳይ እንደነበር ግልጽ ነው።

ከሥራዎቻቸው ጥቅም ያለበት ጨዋታ፣ ምስክርና የሆድ አምላኩ ቅጣት ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው ርእስ ራሱ መልስ ይመስላል፤ ቴአትርን ከንቱ ዘፈን አድርጎ ለሚያይ ሕዝብ፣ በተለይም አንድ የማኅሌት ሊቅ ወደ ጨዋታ ወረደ ብሎ ለሚታዘብ ሰው፣ ጨዋታው ጥቅም ያለበት መሆኑን አስቀድሞ ማስታወቅ ሳያስፈልግ አልቀረም። ከቤተ ክርስቲያን ማዕረግ ጋር መድረክ ላይ መውጣት በዚያ ዘመን ክብርን ለትዝብት የሚያጋልጥ እርምጃ ነበር። ዮፍታሔ ማዕረጉንም መድረኩንም አልተዉም።

ስማቸውን በመላ አገሪቱ ያዳረሰው ግን ተውኔት ሳይሆን መዝሙር ነው። ከአርባዎቹ የአርመን ልጆች ጋር በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የሙዚቃ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን ሲደርሱ፣ የብሔራዊ መዝሙሩን ቃል ዮፍታሔ ጻፉ። ይህ መዝሙር እስከ ዘውዳዊው መንግሥት ፍጻሜ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተዘምሯል። የውጭ አገር የሙዚቃ ኖታ የሚያነብ አንድ አርመናዊና በደብረ ኤልያስ ጎጆ ውስጥ ቅኔ የቆጠረ አንድ ጎጃሜ በአንድ ሥራ መገናኘታቸው የዘመኑን መልክ ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

በ1927 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ መቃረቡ ሲታወቅ፣ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የሀገር ፍቅር ማኅበር በመኰንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት ተቋቋመ። በአደባባይ ንግግር፣ ግጥምና መዝሙር ይቀርብ ነበር፤ ዮፍታሔም ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነበሩ። የዛሬው የሀገር ፍቅር ቴአትር መነሻው ይኸው ማኅበር ነው። ጦርነቱ በሽንፈት ሲያበቃ ግን ለወረራው ጠላት የነበረ ብዕር በአዲስ አበባ መኖር አይቻለውም ነበርና ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። የተሰደዱበትን አገር ከትውልድ አገራቸው ከጎጃም የሚለየው ድንበር ብቻ ነበር፤ በድንበሩ ማዶ አርበኞች ከጠላት ጋር ይዋጉ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው፣ በጎጃም አድርገው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ዮፍታሔም ከስደት ተመለሱ። አፋጀሽኝ የተባለው ተውኔታቸው የዚያን የመከራ ዘመን፣ ጀግንነቱንም ክህደቱንም፣ በምሳሌ ያሳየ ሥራ ነው። አገርን በሴት አምሳል ማቅረቡ ከቅኔ ቤት ልማድ የራቀ አልነበረም።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ በ1939 ዓ.ም. በድንገት ሲያርፉ በከተማዋ ለቴአትር ተብሎ የተሠራ ትልቅ አዳራሽ ገና አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የተቋቋመውም በ1971 ዓ.ም. ነው። አንድ ተማሪ በእነዚህ ተቋማት ገብቶ የሚማረውን የድምፅ አወጣጥ፣ የአካል እንቅስቃሴና የግጥም ንባብ፣ ዮፍታሔ በጎጃም ደጋ በመቋሚያና በጸናጽል ተምረውት ነበር።

ከድርሰቶቻቸው ብዙዎቹ በእጅ ጽሑፍ የቀሩ በመሆናቸው የመጥፋት አደጋ አንዣቦባቸው ቆይቷል። የተበተነውን አሰባስበው የሕይወታቸውንና የጽሑፋቸውን ታሪክ ያጠኑት ባለቅኔና የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዮሐንስ አድማሱ ናቸው። ጥናቱ አጥኚው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለአንባቢ ቀርቧል።