ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የእምባቦ ጦርነት

ዓድዋን የማያውቅ የለም። እምባቦን ግን ከቡሬ ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚነግደው ሰው እንኳ ስንቱ ያውቀዋል? ስለዚህ ጥቂት ልጻፍ።

ንጉሡ የቀድሞ ስማቸው ራስ አዳል ተሰማ ነው። አያታቸው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከደጃዝማች ካሣ፣ ከኋለኛው አፄ ቴዎድሮስ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። አዳልም ተቀናቃኛቸውን ደጃዝማች ደስታ ታድላን ድል ነስተው ጎጃምን ያዙ። በ1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አደረጓቸው። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ከፋ ያለው ከዓባይ ማዶ ነዋ! ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ቡናው የሚመጣው ከዚያ ወገን ነው። ያንኑ አገር ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ይፈልጉታል።

በ1874 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ሁለቱ ንጉሦች ሆሮ ጉድሩ ውስጥ እምባቦ ላይ ገጠሙ። የጎጃም ጦር ጀግንነት አላነሰውም፤ ነገር ግን የራስ ጎበና ፈረሰኛ በረታበትና ተፈታ። ንጉሡ ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ ቁስላቸውን አስታመሙ እንጂ አልገደሏቸውም፤ ይኼ በእኔ አስተያየት ከድሉ ይበልጣል።

የተራው ወታደር ነገር ግን ያሳዝናል። ሬሳው ለአገሩ አፈር አልበቃም። በአገራችን ልማድ እንዲህ ያለው ሰው ልብሱና ጋሻው ወጥቶ ነው የሚለቀስለት። ያን ዓመት ክረምቱን ስንት ቤት እንዲህ አልቅሶ ይሆን? ቀባሪ ያላጣ ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

አፄ ዮሐንስ ሳያስፈቅዱ ተዋጉ ብለው ሁለቱንም ቀጧቸው፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሡ ሳር ውኃ ላይ በደርቡሽ ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ቀጥሎ ከምኒልክ ጋር ተስማምተዋል ተብሎ አፄ ዮሐንስ ጎጃምን በጦር አስመዘበሩት። ጥፋቱ የነገሥታቱ፣ ዕዳው የገበሬው ሆነ።

የሚገርመው ግን እምባቦ ላይ የተዋጉት ሁለቱ ሰዎች በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ባንድ ወገን ተሰልፈው ጣሊያንን ወጉ። መናገሻቸው መንቆረርም በቅዱስ ማርቆስ ስም ደብረ ማርቆስ የተባለችው በእኒሁ ንጉሥ ነው። ያረፉት በጥር ወር 1893 ዓ.ም. ነው፤ በኋላም ልጃቸው ራስ ኃይሉ እስከ 1924 ዓ.ም. ጎጃምን ገዙ።