ዴኒስ ሪቺ እና የአንዲት ቃል ሙግት

የሲ ቋንቋ ፈልሳፊ ዴኒስ ሪቺ በ1941 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በብሮንክስቪል ተወለዱ። አባታቸው የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ ነበሩ፤ እርሳቸውም በሃርቫርድ ፊዚክስና ተግባራዊ ሒሳብ ካጠኑ በኋላ በ1967 በዚያው ላቦራቶሪ ሥራ ያዙ።

ሲን ለፒ.ዲ.ፒ.-11 ኮምፒዩተር ባዘጋጁበት ዘመን የማሽኑ ማኅደር ጠባብ፣ ኮምፓይለሩም ትንሽ ነበር። ስለዚህ በቋንቋው የመጀመሪያ ዓመታት «ሬጂስተር» የምትባል ቃል ገባች። ፕሮግራም ጸሐፊው አዘውትሮ የሚሠራበትን ተለዋዋጭ በዚህች ቃል ሲያውጅ፣ ኮምፓይለሩ ከማኅደር ይልቅ በፈጣኑ የማሽን መዝገብ ውስጥ እንዲያኖረው መምከሩ ነው። ምክሩ ቸል ቢባል ፕሮግራሙ ይዘገይ ይሆናል እንጂ ውጤቱ አይለወጥም። በእኔ ግምት የሪቺ አስተዋይነት ከብዙ ትላልቅ ሥራዎቻቸው ይልቅ በዚህች ትንሽ ነገር ጎልቶ ይታያል።

በ1977 ሪቺ ከስቲቭ ጆንሰንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ዩኒክስን ኢንተርዳታ 8/32 ወደተባለ ማሽን አዛወሩ። የፊተኛው ማሽን ቃል 16 ቢት፣ የአዲሱ 32 ቢት ነበር፤ የባይቶቹም አቀማመጥ የተገላበጠ ነበር። አድራሻንና ሙሉ ቁጥርን ያለ ልዩነት ሲያደባልቁ የኖሩ ፕሮግራሞች ድክመታቸው ያን ጊዜ ገሃድ ወጣ፤ የቋንቋውም የዓይነት ደንብ ጠበቅ አለ።

ይህን ልምድ ያዩ ሰው በ1988 ዝም ማለት አልሆነላቸውም። በ1983 የተቋቋመው የአሜሪካ የደረጃ ኮሚቴ «ኖኤሊያስ» የምትባል ቃል በረቂቁ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ቃሏ፣ ሁለት ጠቋሚዎች ወደ አንድ የማኅደር ስፍራ እንደማያመለክቱ ለኮምፓይለሩ ዋስትና ትሰጣለች። ፍጥነት ታስገኛለች፤ ዋስትናው ሐሰት ከሆነ ግን ያው ፕሮግራም በአንዱ ኮምፓይለር ትክክል፣ በሌላው ስሕተት ይሠራል። ሪቺ የደረጃውን ሥራ በአብዛኛው ለሌሎች ትተው ሳለ፣ በዚህ ጊዜ ብርቱ ተቃውሞ ጽፈው ላኩ። ቃሏ ተሰረዘች፤ የ1989ኙ ደረጃም ያለ እርሷ ወጣ። በ1999 «ሬስትሪክት» የተባለችው ዘመዷ ይበልጥ በተወሰነ ትርጉም ገብታለች።

ሪቺ በጥቅምት 2011 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። «ሬጂስተር»ን ግን ዛሬ አብዛኞቹ ኮምፓይለሮች ቸል ይሏታል፤ በእርሷ የተጻፉት አሮጌ ፕሮግራሞችም እንደ ወትሮው ይሠራሉ።