ጆሴፍ ሊስተርና ሥጋ ሆኖ የተገኘው ክር

አንባቢ ሆይ፤ ሐኪም የተቈረጠውን የደም ሥር በክር ቋጥሮ ቁስሉን ከዘጋ በኋላ በሥጋ ውስጥ የቀረው ክር መጨረሻው ምን ይሆናል? ይበሰብሳልን? መግል ያመጣልን? ወይስ ሰውየው እስኪሞት ድረስ እንደ ተቀበረ ይኖራልን? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአውሮፓ ሆስፒታሎች ብዙ ሰው የሚሞተው ከቢላዋው ይልቅ በኋላ በሚመጣው መመርቀዝ ነበር፤ ለመመርቀዙም አንዱ በር ይኸው ክር ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር ነው። ስሙ በዓለም የታወቀው ቁስልን ከጀርም በመጠበቅ ሥራው ነው። እኛ ግን በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የሕይወቱን ታሪክ ስንጽፍ የክሩን ነገር አጕልተን ለማሳየት አስበናል፤ ምክንያቱም ዛሬ አጥንትንና ሥጋን ለማደስ ከሚሠራባቸው አዳዲስ ነገሮች ብዙዎቹ የሚሄዱት እርሱ በከፈተው መንገድ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጆሴፍ ሊስተር አፕሪል 5 ቀን 1827 ለንደን አጠገብ በምትገኝ አፕተን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ጆሴፍ ጃክሰን ሊስተር የወይን ጠጅ ነጋዴ ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜው ስለ ማይክሮስኮፕ መስተዋት ይመራመር ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው ማይክሮስኮፕ የሚታየውን ነገር በልዩ ልዩ ቀለም ከብቦ ያደበዝዘው ስለ ነበር፣ ብዙ ሊቃውንት አያምኑበትም ነበር። አባቱ ግን መስተዋቶቹን በምን ርቀት ማቀናጀት እንደሚገባ በ1830 ገለጸ፤ በ1832ም ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የእንግሊዝ ሊቃውንት ማኅበር አባል አድርጎ ተቀበለው። ልጁም በእንዲህ ያለ ቤት ስላደገ፣ ተራ ዓይን የማያየውን ነገር ቀርቦ መመርመር ከልጅነቱ ጀምሮ ለመደ።

ቤተሰቡ ኩዌከር የሚባለው የክርስቲያኖች ማኅበር ተከታይ ነበር። በዚያን ጊዜ ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ላሉ ሰዎች ዲግሪ አይሰጡም ነበርና፣ ሊስተር ለሃይማኖት ልዩነት በሩን ወዳልዘጋው ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ፤ በ1852ም የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ።

ተማሪ ሳለ በ1846 ኤተር የሚባለው ማደንዘዣ በእንግሊዝ አገር ለቀዶ ሕክምና መዋል ጀመረ። ከዚያ በፊት በሽተኛው በጕልበተኞች ተይዞ እየጮኸ ይቈረጥ ነበር። ሕመሙ ቢቀርም ሞቱ ግን አልቀረም። ሐኪሞቹ በደምና በመግል የደረቀ አሮጌ ካፖርት ለብሰው ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው እጃቸውን ሳይታጠቡ ይሄዱ ነበር። መግል የሌለበት ቁስል ብርቅ ነበር። የደም ሥር የሚቋጠርበትም የሐር ክር ጫፉ ረዝሞ ከቁስሉ ውጭ እንዲንጠለጠል ይደረግ ነበር፤ ይኸውም ከቀናት በኋላ የተቋጠረው ሥጋ በስብሶ ክሩ ተስቦ እንዲወጣ ነው። ክሩ ሲወጣ ግን የደም ሥሩ እንደገና ተከፍቶ ደሙ ፈስሶ የሞተው ሰው ጥቂት አልነበረም።

ሊስተር በ1853 ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በኤደንብራ ከተማ በታወቀው ቀዳጅ ሐኪም በጄምስ ሳይም ዘንድ ሥራ ያዘ። በ1856ም የሳይምን ልጅ አግነስን አገባ። ልጅ አልወለዱም፤ አግነስ ግን የምርምሩን ማስታወሻ እየጻፈችና በሙከራው እየረዳች ዕድሜዋን ሙሉ የሥራው ተካፋይ ሆነች። በ1860 ሊስተር በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በከተማው ትልቅ ሆስፒታል የቁስለኞች ክፍል ተሰጠው።

በግላስጎ ሳለ ልቡን ያስጨነቀው አንድ ነገር ነበር። አጥንቱ ተሰብሮ ቆዳው ያልተቀደደ ሰው ይድናል፤ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ ሰው ግን ወይ እግሩን ያጣል፣ ወይ ይሞታል። የሁለቱ ልዩነት ከምን መጣ? በ1865 የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበረው ቶማስ አንደርሰን የፈረንሳዩን የሉዊ ፓስተርን ጽሑፎች አመለከተው። ፓስተር መብላላትና መበስበስ የሚመጡት ከራሱ ከአየሩ ሳይሆን በአየሩ ውስጥ ከሚገኙ ረቂቅ ሕያዋን መሆኑን አስረድቶ ነበር። ሊስተርም የቁስል መመርቀዝ የዚሁ ዓይነት ነገር ነው ብሎ ገመተ። በሽተኛን እንደ ወተት ማፍላት አይቻልምና መድኃኒት ፈለገ። በዚያው ዘመን የካርላይል ከተማ ሰዎች የቆሻሻ ፍሳሻቸውን ሽታ በካርቦሊክ አሲድ ማጥፋታቸውን ሰምቶ ስለ ነበር፣ ይህንኑ አሲድ ለቁስል መረጠ።

ኦገስት 12 ቀን 1865 የጋሪ መንኰራኵር እግሩን የሰበረው የ11 ዓመት ልጅ ወደ ሆስፒታሉ መጣ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶት ነበር። ሊስተር ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው። ከ4 ቀን በኋላ ሲከፍተው የመግል ሽታ አልነበረም፤ ከ6 ሳምንት በኋላም አጥንቱ ገጠመና ልጁ ሁለት እግሩን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። በ1867 ሊስተር ሥራውን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣ። በእርሱ ክፍል በ1864ና በ1866 እጅ ወይም እግር ከተቈረጡ 35 ሰዎች 16ቱ ሞተው ነበር፤ በአዲሱ አሠራር በቀጠሉት 3 ዓመታት ከ40ዎቹ የሞቱት 6 ናቸው።

ብዙ ሰው የሊስተርን ታሪክ በዚህ ላይ ያቆማል። እርሱ ግን አልቆመም። ቁስሉን ከውጭ ቢጠብቀውም የሐሩ ክር አሁንም ከውስጥ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ለጀርም መንገድ ይከፍት ነበር። ስለዚህ ክሩን በካርቦሊክ አሲድ ነክሮ፣ ጫፉን አሳጥሮ ቈርጦ፣ ቁስሉን በላዩ ለመዝጋት አሰበ። በመጀመሪያ በፈረስ፣ ቀጥሎም በአንዲት በሽተኛ ላይ ሞከረው፤ ቁስሉም በደኅና ዳነ። ሴትዮዋ ከወራት በኋላ በሌላ የደም ሥር ሕመም ስትሞት ሬሳው ተመረመረ። ሐሩ እንደ ነበረ ተቀምጧል፤ በዙሪያው ግን መግል የመሰለ ጥቂት ፈሳሽ ተገኘ። ሊስተርም ሐር በሥጋ ውስጥ የማይዋሐድ ባዕድ ነገር መሆኑን ከዚህ ተረዳ። ሰውነት ቀስ በቀስ የሚያጠፋው ክር ያስፈልግ ነበር።

ይህንንም ከበግ አንጀት በተሠራ ክር ለመሞከር ወሰነ። የአንጀት ክር በአውሮፓ የቫዮሊን አውታር ይሆናል፤ በእኛም አገር የበገና አውታር የሚሠራው ከበግ አንጀት ስለ ሆነ አንባቢያችን ክሩን ያውቀዋል። በ1868 የመጨረሻ ቀን ሊስተር በአፕተን በአባቱ ቤት ሆኖ፣ ገና ተማሪ የነበረው የእኅቱ ልጅ ሪክማን ጎድሊ እየረዳው፣ የአንድ ጥጃ የአንገት የደም ሥር በዚህ ዓይነት ክር ቋጠረ። ጥጃው ተደንዝዞ ነበር። ቁስሉም ያለ መግል ዳነ።

ከ30 ቀን በኋላ ጥጃው ታርዶ የአንገቱ ሥጋ ወደ ግላስጎ ተላከለት። ሊስተር ከፍቶ ባየው ጊዜ በጣም አዘነ፤ ሁለቱ ቋጠሮዎች ከነውፍረታቸው በቦታቸው እንዳሉ ታዩት። ክሩ ያልጠፋ፣ ሙከራውም ከንቱ የሆነ መሰለው። ሌላ ሰው ቢሆን ሥጋውን ጥሎ ወደ ሌላ ሥራ በሄደ ነበር። እርሱ ግን ቈርጦ ደግሞ መረመረው። እነሆ፣ ክር የመሰለው ነገር ክር አልነበረም። አንጀቱ ቀስ በቀስ ሲጠፋ ሕያው ሥጋ በእግሩ እየተተካ የቋጠሮውን መልክ ይዞ አድጎ ነበር። የደም ሥሩ በዚያ ቦታ ከመድከም ይልቅ በአዲስ የሥጋ ቀለበት ተጠናክሮ ተገኘ። በሰውነት ውስጥ የገባ የሞተ ነገር ለጊዜው ሥራውን ሠርቶ ቦታውን ለሕያው ሥጋ ሊለቅ እንደሚችል በዚያ ቀን ታየ።

ከዚህ በኋላ ሥራው ቀላል የሆነ አይምሰለን። ያልተዘጋጀ አንጀት ሲርስ ይንሸራተታል፤ አንዳንዴም የደም ሥሩ ሳይደፈን ቀድሞ ይሟሟል። እጅግ የጠነከረው ደግሞ እንደ ሐር ባዕድ ሆኖ ይቀራል። ሊስተር ክሩን በካርቦሊክ ዘይት ውስጥ ለብዙ ጊዜ እያቆየ፣ በኋላም በክሮሚክ አሲድ እያጠነከረ ለዓመታት ደከመ፤ በ1881 የደረሰበትን ውጤት ገለጸ። የፈለገው የክሩ መጥፊያ ጊዜ ከቁስሉ መዳኛ ጊዜ ጋር እንዲስማማ ነበር።

በ1869 ሊስተር ወደ ኤደንብራ ተመለሰ፤ በ1877ም ወደ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተዛወረ። የጀርመን ሐኪሞች አሠራሩን ቶሎ ሲቀበሉ፣ የለንደን ሐኪሞች ግን የማይታይ ጠላትን መፍራት ምንድን ነው እያሉ ያፌዙበት ነበር። በዚያው ዓመት የተሰበረ የጕልበት ሎሚ ከፍቶ በብር ሽቦ ሰፋ። የጕልበትን መጋጠሚያ መክፈት በዚያ ዘመን ከሞት ጋር መጫወት ነበርና፣ በሽተኛው በመዳኑ ብዙ ተቃዋሚዎች ዝም አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ሊስተር ከ1871 ጀምሮ በቀዶ ሕክምና ጊዜ አየሩን በካርቦሊክ ጉም ያስረጭ ነበር። ጉሙ የሐኪሞቹን እጅና ሳንባ ይጐዳ ነበር፤ ጥቅሙም እንደ ታሰበው አልሆነም። ይህንንም በ1890 በበርሊን ጉባኤ በሐኪሞች ሁሉ ፊት ተናግሮ ተወው።

በ1893 ባለቤቱ አግነስ ጣልያን አገር ሳሉ በሳንባ ምች ሞተችበት፤ እርሱም ከዚያ ወዲህ የሕክምና ሥራውን አቆመ። ከ1895 እስከ 1900 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚደንት ሆነ፤ በ1897ም የሎርድነት ማዕርግ ተሰጠው። ክብሩ ቢበዛም ለፓስተር የነበረውን ምስጋና አልረሳም፤ በ1892 በፓሪስ የፓስተር 70ኛ የልደት በዓል ሲከበር ተገኝቶ በሕዝብ ፊት አመስግኖታል። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1912 በተወለደ በ84 ዓመቱ ዎልመር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ዐረፈ።

የአንጀቱ ክር ዛሬ በብዙ አገር ሰው ሠራሽ በሆኑ የሚሟሙ ክሮች ተተክቷል። ሐሳቡ ግን ወደ አጥንትም አልፏል። በ1969 በአሜሪካ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ መምህር ላሪ ሄንች፣ አስቀድሞ በ1967 አንድ የጦር መኰንን የቈሰሉ ወታደሮች ሰውነት የማይጠላው ነገር እንዲፈልግ ስላሳሰበው፣ አዲስ መስተዋት ሠራ። ከመቶ 45 እጁ ሲሊካ ሲሆን፣ የቀረው ሶዲየም፣ ካልሲየምና ፎስፎረስ ያለባቸው ነገሮች ናቸው። በአይጥ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ከ6 ሳምንት በኋላ ሊያወጡት ቢሞክሩ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ እምቢ አለ። መስተዋቱ በሰውነት ፈሳሽ ሲነካ ጥቂት በጥቂት ይሟሟል፤ በላዩም የአጥንትን ማዕድን የመሰለ ንጣፍ ይሠራል፤ አጥንቱም በዚህ ንጣፍ ላይ ይያያዛል።

ይህ የሄንች መስተዋት እንደገና ሲሞቅ ቶሎ ስለሚጠጥር ቀጭን ክር አድርጎ መሳብ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ሌሎች ሊቃውንት ድብልቁን እየለወጡ ክር የሚሆን መስተዋት አዘጋጁ፤ ቦሮን ያለበትና ፈጥኖ የሚሟሟም ዓይነት ተገኘ። እንደ ጥጥ የተባዘተው የመስተዋት ክር አልድን ባለ ቁስል ውስጥ ይሞላል፤ በክሮቹ መካከል ባለው ክፍተት አዲስ ሥጋና ጥቃቅን የደም ሥሮች ይገባሉ፤ ክሩም እየሟሟ ቦታውን ይለቃል። መስተዋት ተሰባሪ ስለ ሆነ ግን እንደ ጭን አጥንት ያለ ከባድ ሸክም ብቻውን ሊሸከም አይችልም። የሚመረምሩትም ሰዎች የሚታገሉት ሊስተር ከታገለው ጥያቄ ጋር ነው፤ ይኸውም ክሩ ሥጋው ሳይደርስ እንዳይጠፋ፣ ሥጋው ከደረሰም በኋላ እንዳይቈይ ማድረግ ነው።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ሊስተር ከሁሉ የበለጠ ብልህ ስለ ነበር ብቻ አልተሳካለትም። ያሳዘነውን ሥጋ ደግሞ ቈርጦ ስላየ፣ የማይረባውን ጉም በሰው ፊት ስለ ተወ፣ የተማረበትንም ሰው ስም ስላልደበቀ ነው። በቤተ ሙከራ ያሰብነው ውጤት ሳይመጣ ሲቀር ለመጣል አንቸኩል። የሞተ ክር የመሰለን ነገር ሕያው ሥጋ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።