ስሟን ራሷ ያወጣች ሴት፦ የማዳም ሲ. ጄ. ዎከር ሕይወት



የሠራነውን ሥራ ስለ ማሳወቅ ስናስብ ሁለት ተረቶች ይጋጩብናል። አንዱ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይለናል። ሌላው ደግሞ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል። ሴት ልጅ ስታድግ አዘውትሮ የሚነገራት የመጀመሪያው ነው። ሠርታ ዝም እንድትል፣ ሰው አይቶ እስኪያመሰግናት እንድትጠብቅ ትማራለች። ልማዱ መሥሪያ ቤት ድረስ ይከተላታል። የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ሲደርስ የዓመት ልፋቷን በሁለት ቃል ጨርሳ ትወጣለች። የደረጃ እድገቱ ግን ለተናገረው ይሆናል።

ስለ ራስ መናገር ጉራ የሚሆነው መቼ ነው? ተገቢ ምስክርነት የሚሆነውስ መቼ ነው? ለዚህ ጥያቄ የአንዲት ልብስ አጣቢ ሕይወት ጥሩ መልስ ይሰጣል ብዬ ስለማምን ታሪኳን አቀርብላችኋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከጥጥ እርሻ እስከ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ

ሳራ ብሪድላቭ የተወለደችው በታኅሣሥ 1867 በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ግዛት፣ ዴልታ በምትባል መንደር ነው። ወላጆቿ በባርነት የኖሩ ጥጥ ለቃሚዎች ነበሩ። ከቤተሰቡ ልጆች በነጻነት የተወለደች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ሰባት ዓመት ሲሆናት እናትና አባቷን አጥታ ነበር። በ14 ዓመቷ አገባች፣ በ17 ዓመቷ ሴት ልጅ ወለደች፣ በ20 ዓመቷ ባሏ ሞተባት።

ሕፃኗን ሊሊያን ይዛ ወንድሞቿ ፀጉር አስተካካይ ሆነው ወደሚሠሩበት ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄደች። እዚያ ለብዙ ዓመታት የሰው ልብስ በማጠብ ኖረች። የሚከፈላት በቀን አንድ ዶላር ተኩል ያህል ነበር። ከዚያች ገንዘብ ላይ እየቆጠበች ልጇን ኮሌጅ እስከ መላክ ደረሰች። በምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ጥሩ የለበሱ፣ የተማሩ፣ በሰው ፊት ቆመው የሚናገሩ ጥቁር ሴቶችን ታይ ነበር። እነሱን እያየች ሌላ ዓይነት ኑሮ ተመኘች። እሷ ግን ማንበብና መጻፍ እንኳ በሚገባ አልተማረችም።

በዚያ ላይ ፀጉሯ ይረግፍ ጀመር። ችግሩ የእሷ ብቻ አልነበረም። የቧንቧ ውኃ በሌለባቸው ቤቶች የሚኖሩ ብዙ ሴቶች ፀጉራቸውን የሚታጠቡት ከስንት ጊዜ አንዴ ስለነበር ፎረፎርና የራስ ቆዳ በሽታ ያሠቃያቸው ነበር። ሳራ የተለያየ ቅባት ሞከረች። አኒ ተርንቦ የምትባል፣ በኋላ አኒ ማሎን ተብላ የታወቀች ጥቁር ነጋዴ የምታዘጋጀውን የፀጉር ቅባትም እየዞረች ሸጠች። ሙያውን የቀመሰችው በዚህ ነው። በ1905 ወደ ዴንቨር ከተማ ተዛወረች። እዚያም ምግብ አብሳይ ሆና እየሠራች በትርፍ ጊዜዋ የራሷን ቅባት ማዘጋጀት ጀመረች።

ስምና ፊት

ያዘጋጀችው ቅባት ዋና ንጥረ ነገሩ ድኝና ቫዝሊን መሰል ቅባት ነበር። ድኝ ለራስ ቆዳ በሽታ እንደሚረዳ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። አኒ ማሎንም በዚሁ ንግድ ቀድማታለች። ስለዚህ ሳራን ከሌሎቹ ለይቶ ያሳወቃት የቅባቱ ምስጢር ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። ልዩነቱ የመጣው ሥራዋን ከስሟና ከፊቷ ጋር ካሰረችበት መንገድ ነው።

በ1906 መጀመሪያ ቻርልስ ጆሴፍ ዎከር የሚባል፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ ሥራ የሚያውቅ ሰው አገባች። ከዚያ በኋላ ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር ተባለች። ይህን ስም ቀላል ነገር አድርገን እንዳናልፈው። በዚያን ዘመን አሜሪካ ነጮች ጥቁር ሴትን ወይዘሮ ብለው አይጠሩም ነበር። የሚጠሯት በመጀመሪያ ስሟ ወይም አክስቴ እያሉ ነበር፤ አክስቴ ማለታቸውም ለአክብሮት አልነበረም። ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር የሚለው ስም ግን ሳራ ብሎ ለመጥራት ክፍተት አልሰጠም። ደንበኛውም ባንኩም ጋዜጣውም ሳይወድ በግዱ በክብር ይጠራት ጀመር። ሰው ቤት ሠርታ አንቺ እየተባለች የኖረች ሴት የዚህ ስም ክብደት ወዲያው ይገባታል።

ሁለተኛው ነገር ፊቷ ነው። በጊዜው የብዙ መዋቢያ ዕቃዎች ማስታወቂያ የሚያሳየው የነጭ ሴት መልክ ነበር። ዎከር የራሷን ፎቶግራፍ በቅባቱ ቆርቆሮ ላይ አተመች። በማስታወቂያዋም ቅባቱን ከመጠቀሟ በፊት ፀጉሯ ምን ይመስል እንደነበረና ከተጠቀመች በኋላ እስከ ምን እንደረዘመ በፎቶግራፍ አቅርባ አሳየች። ምስክሩም ማስረጃውም እሷው ሆነች።

ሦስተኛው እግሯ ነው። ከዴንቨር ተነሥታ ከከተማ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እየዞረች የሴቶችን ፀጉር በሰው ፊት ታጥብና ታክም ነበር። ቅባቱን ከመሸጧ በፊት ንጽሕናን ታስተምራለች፤ ያየችው ሴትም ትገዛለች። በ1908 በፒትስበርግ ወኪሎቿን የምታሠለጥንበት ትምህርት ቤት ከፈተችና በልጇ ስም ሊሊያ ኮሌጅ አለችው። በ1910 ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተዛውራ ፋብሪካ አቋቋመች። ገንዘብ ሲገባ መጀመሪያ ካሟላቻቸው ነገሮች አንዱ የጎደላት ትምህርት ነበር። መምህርት የነበረችውንና በፋብሪካዋ በኃላፊነት የምትሠራውን አሊስ ኬሊን አስጠኚዋ አድርጋ ንባቧንና አነጋገሯን አሻሻለች።

ማንም ሳይጋብዛት የተነሣችበት ቀን

ነሐሴ 1912 የጥቁር ነጋዴዎች ብሔራዊ ማኅበር በቺካጎ ጉባኤ አደረገ። የማኅበሩ መሥራችና ሊቀ መንበር በዘመኑ እጅግ ተሰሚ የነበረው መምህር ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ነው። የፀጉር ቅባት ነጋዴዎችን በበጎ ዓይን አያይም ነበር። በኢንዲያናፖሊስ ለሚሠራው የጥቁሮች ወጣት ወንዶች ክርስቲያን ማኅበር ሕንፃ 1,000 ዶላር በመለገስ ስሟ በጋዜጣ የወጣው ዎከር በአዳራሹ ተቀምጣለች። የመናገሪያ ዕድል ግን አልተሰጣትም። የጋዜጣ አሳታሚው ጆርጅ ኖክስ ተነሥቶ እንድትናገር ሐሳብ አቀረበ። ሊቀ መንበሩ እንዳልሰማ አልፎ ወደ ሌላ ሰው ሄደ።

አስቡት። አዳራሹ የነጋዴዎች ነው፤ እሷ ነጋዴ ናት። አጀንዳው ከታች ተነሥቶ ስለ ማደግ ነው፤ ከእሷ በታች የተነሣ በዚያ አዳራሽ ብዙ አይገኝም። የቀራት በር ላይ ተሰልፋ እጅ መንሳትና ወደ ቤቷ መመለስ ብቻ ይመስል ነበር።

በመጨረሻው ቀን ግን ሳትጋበዝ ከመቀመጫዋ ተነሣች። በሴቶች ዘንድ ክብር በሚሰጥ ንግድ ላይ እንደተሰማራችና ፊቷ ላይ በሩ ሊዘጋባት እንደማይገባ ለሊቀ መንበሩ ነገረችው። ከዚያም ከጥጥ እርሻ ወደ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ፣ ከገንዳው ወደ ምግብ ማብሰያ ክፍል እንደመጣች፣ ከዚያ ወደ ንግድ ያሳደገቻት ግን ራሷ እንደሆነች ተናገረች። በራሷ መሬት ላይ የራሷን ፋብሪካ መሥራቷንም ገለጸች። የመጣችበትን አልደበቀችም፤ የደረሰችበትንም አላሳነሰችም። ዋሽንግተን በዚያን ዕለት ምንም አላላትም፤ ወደ ቀጣዩ ተናጋሪ አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ግን በእንግዳ ተናጋሪነት የጋበዛት እሱ ራሱ ነው።

ይህን ታሪክ ከጉራ የሚለየው ምንድን ነው? ያለችው ሁሉ ሄዶ ሊታይ የሚችል መሆኑ ነው። ፋብሪካው ቆሟል፣ ሠራተኞቹ ደመወዝ ይቀበላሉ፣ ልገሳው ተመዝግቧል። በ1917 ጋዜጦች ሚሊየነር እያሉ ሲጽፉላት ገና እንዳልሆነች ራሷ አስተባብላለች። በሞተች ጊዜም ሀብቷ ወደ 600,000 ዶላር ገደማ ተገምቷል። ያላትን መናገር አላሳፈራትም፣ የሌላትን ግን አልተቀበለችም።

ስሟን ያጋራች ሴት

በ1912 ከባሏ ጋር ተፋታች። ስሙን ግን አልመለሰችም፤ በላቧ የራሷ አድርጋው ነበርና። ድርጅቷ ወደ 20,000 የሚጠጉ ወኪሎች እንዳሉት እስከ መናገር ደረሰ። ከእነሱ ብዙዎቹ ትናንት ልብስ አጣቢ፣ ምግብ አብሳይና ገረድ የነበሩ ሴቶች ናቸው። በ1917 በፊላደልፊያ በጠራችው የወኪሎቿ ጉባኤ ከ200 በላይ ሴቶች ተገኙ። ሽልማት የተሰጠው ብዙ ለሸጡት ብቻ አልነበረም፤ ለአካባቢያቸው ችግረኞች ብዙ ለረዱትም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአገራችን ተረት እዚያ ጉባኤ ላይ በተግባር ታይቷል።

ስሟ ከንግድ ውጭም አገልግሏል። በዚያው ዓመት ጥቁሮችን በመንጋ መግደል በሕግ እንዲከለከል ለመጠየቅ ከሌሎች መሪዎች ጋር ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ሄዳለች። ፕሬዚዳንቱ ጊዜ የለውም ተብለው ሳያገኙት ቢመለሱም በወኪሎቿ ጉባኤ መጨረሻ ሴቶቹ ተቃውሟቸውን በቴሌግራም ላኩለት።

ማዳም ዎከር ግንቦት 25 ቀን 1919 በ51 ዓመቷ፣ ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብላ በጥቁር አርክቴክት ባሠራችው ቤቷ አረፈች። የድርጅቱን አመራር ልጇ ተረከበች።

ለእኛ የሚሆነን

ከዚህ ሕይወት ሦስት ነገር ብንወስድ ይበቃናል። አንደኛ፣ በሥራ ቦታችን በምን ስም እንድንጠራ እንደምንፈልግ እኛው እንናገር፤ ሌሎች ሙሉ ስማችንና የሥራ መደባችን ሲጠራ የኔ ቆንጆ መባልን እንደ ምስጋና አንቁጠረው። ሁለተኛ፣ ማስረጃ እንያዝ። አንዲት ደብተር ገዝተን ዘወትር ዓርብ ከሥራ ከመውጣታችን በፊት በሳምንቱ የሠራነውን በቁጥር እንጻፍ፦ ስንት ደንበኛ እንዳስተናገድን፣ ስንት ብር እንዳዳንን፣ ማንን እንዳሠለጠንን። ግምገማ ሲደርስ የሚናገረው ደብተሩ ይሆናል፤ እኛ የምናደርገው ማንበብ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ እጃችንን አውጥተን ሲታለፍን እንደገና እንነሣ። ስንነሣም አጠገባችን ዝም ብላ የተቀመጠችውን እህት ሥራ በስሟ እንጥቀስ። ለዎከር በአዳራሹ አንድ ኖክስ ተነሥቶላታል፤ ለእርስ በርሳችን ግን ይህን ያህል ሆነን ሳለ አንዳችን ለሌላችን መነሣት አያቅተንም።